ላይ ቤት የሚሠራ፣ ታች ቤት የሚሞት ኮምፒውተር

ዕቃ የገዛ ሰው ሁለት ቀን አውርቶ ይተወዋል። በእጁ የሠራ ሰው ግን፣ እግዜር ጎረቤቱን ያጽናው! እኔም ከዚህ በሽታ አላመለጥኩም።

ጀጎል ውስጥ፣ ሐጃ መርየም ቤት ፎቅ ላይ ተከራይቼ ፊዚክስ በማስተምርበት ጊዜ፣ አንድ የፊልም ማያ ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። ማዘርቦርዱን ከድሬዳዋ፣ ፕሮሰሰሩን ከአዲስ አበባ፣ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ቁመቱ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ ጉልበቱ ግን... ይቅር፣ ጉራ ይሆንብኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ፊልም እያጫወትኩ ፈተንኩት፤ አላነጠሰም።

ሐጃ ወሬውን ሰምተው አስጠሩኝ። ጅዳ የምትኖረው ልጃቸው ዘይነባ አግብታ፣ የሠርጓን ፊልም በፍላሽ ልካለች። ልጃቸውን ካዩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። “መምህር፣ በስልክ አሳይተውኝ ጉንዳን የምታህል ሙሽራ ነው ያየሁት፤ እስቲ በትልቁ ቴሌቪዥኔ አሳየኝ” አሉኝ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዘመድ አዝማድ መደቡን ሞላው። ሳጥኔን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጬ ከፈትኩት። እልልታው ቀለጠ፤ ሙሽሪት ከመኪናው እግሯን አወጣች፤ ድርግም! እንደገና አስነሳሁት። እግሯን አወጣች፤ ድርግም! ሙሽሪት ከዚያ መኪና ሳትወርድ ልታረጅ ነው።

ሳጥኔን ታቅፌ ወደ ፎቅ ሮጥኩ። እኔ ክፍል ሙሽሪት ወረደች፣ ገባች፣ ተቀመጠች። ታች ሳወርደው፣ ድርግም! ሶኬቱን ጠረጠርኩ፤ ፕሮሰሰሩን ረገምኩ፤ ፊዚክስንም ትንሽ ተጠራጠርኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ብሎኑን ሁሉ ፈትቼ ምንጣፉ ላይ በተንኩት። ሐጃ ግን አልተቆጡም። “አይዞህ ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሰብር አድርጌያለሁ፤ አንድ ሰዓት ምን አላት?” ሲሉኝ የባሰ አፈርኩ።

ብሎኖቹን ለቅሜ፣ ሳጥኑን ገጥሜ ቦታው መለስኩት። ፈንጠር ብዬ ስመለከት፣ ሐጃ ቀስ ብለው ተነሡና አንድ ወፍራም ዳንቴል በክብር አለበሱት።

“ሐጃ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“በሰው ፊት ራቁቱን ይቀመጥ እንዴ?”

ለካ ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ በሆነ ቁጥር ሲያለብሱት፣ ሲጠፋም ከእኔ ቀድመው ሲያነሱለት ኖሯል! መተንፈሻው ሲታፈን ያ ሁሉ ጉልበት ትኩሳት ሆኖ ይጥለዋል። ዳንቴሉን በይቅርታ አነሳሁት፤ ከዚያ ወዲያ አንዴም አልጠፋም።

የዘይነባ ፊት መስኮት አክሎ ብቅ ሲል፣ ሐጃ ሄደው ጉንጯን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ወፍራለች፣ አልሐምዱሊላህ!” ቤቱ በአንድ ጊዜ ሳቀም አለቀሰም። መጨረሻ ላይ ሙሽሪት ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ፣ “እማ፣ ለዒድ እመጣለሁ” አለች። ሐጃ ይህን ደጋግሜ እንዳሳያቸው አዘዙኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የሐጃ ታላቅ ወንድም በተመስጦ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ጥራት በዕድሜዬ አላየሁም!” እኔም ምስጋናዬን ለመቀበል ከተቀመጥኩበት ከፍ አልኩ። እሳቸው ወደ እህታቸው ዞሩና ጠየቁ፦

“መርየም፣ ይህን ቴሌቪዥን ከየት ነው የገዛሽው?”