ከጋሼ ሰይድ ማማ የታየ ሰማይ

ቆላን በበጋ ሲያደንቅ የሰማሁት መንገደኛ የለም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ጋቢ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ምሬት ይጀመራል። እናንተም ምናልባት የአውቶቡሱን መስኮት ከፍታችሁ፣ «ኧረ ይሄ ሙቀት» ብላችሁ አልፋችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔም ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ በደርግ ዘመን ለመምህርነት እዚያ ስመደብ፣ የመጀመሪያውን ሰሞን የገፋሁት ወደ ደጋው ተራራ አንጋጥጬ ነው።

ኋላ ግን ታኅሣሥ ገባ። የይፋት ታኅሣሥ ማለት አየሩ ጠርቶ፣ ገደሉ ጣት ቢዘረጉ የሚነካ እስኪመስል የሚቀርብበት፣ የሮቢት ወንዝ ጠጠሩን እያሳየ የሚወርድበት ወር ነው። ካሜራዬን ባንገቴ አንጠልጥዬ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ መዞር ጀመርኩ። ካሜራ ያን ጊዜ እንዲሁ የሚያዝ ዕቃ አልነበረምና፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር «ጓድ መምህር ድልድይ ሳይጨምር ዛፍና ወፍ እንዲያነሡ ተፈቅዶላቸዋል» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ጻፉልኝ። ወፎቹ ወረቀት አልተጠየቁም።

ጋሼ ሰይድን ያወቅኋቸው በዚህ ዙረት ነው። ማሽላቸው አፍርቶ ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ በእንጨት ማማ ላይ ቆመው ግሪሳ ይጠብቃሉ፤ ጅራፋቸው ሲጮኽ ማዶ ያለው ገደል ይመልስላቸዋል። ግሪሳን ለማታውቁ፦ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት። ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ በመንጋ ስትመጣ ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ከቀትር እስከ ምሽት ትጨርሳለች።

አንድ ቅዳሜ ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ውኃ ሊቀዱ እንደ ወረዱ ዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ደረሰ። ጋሼ ሰይድ ጅራፉን ሰጡኝ።

«መምህር፣ ሰግጄ እስክመለስ ቁምልኝ። ከመጡ ማጮኽ ነው፤ ሌላ ትምህርት የለውም።»

«ይሂዱ ጋሼ፣ እኔ አለሁ።»

መጡ። በመጀመሪያ በምሥራቅ በኩል ጭስ መሰለኝ። ጭሱ ግን ታጠፈ። እልፍ አእላፍ ወፍ ያለ አዝማች፣ ያለ ትእዛዝ፣ በአንዲት ቅጽበት ዞረ፤ ሆዳቸውን ሲያዞሩ ሰማዩ ይነጣል፣ ጀርባቸውን ሲሰጡ ይጠቁራል፣ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ይሰማል። ፈጣሪ በሰማይ ላይ አንድ ቃል ጽፎ፣ አንብቤ ሳልጨርስ ደምስሶ ሌላ የሚጽፍ መሰለኝ። ጅራፉን ከእግሬ ሥር አስቀምጬ ካሜራዬን አነሣሁ። በፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ነበረች። እሷን አነሣሁና አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የነቃሁት በእትዬ ዘሐራ ድምፅ ነው። እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል።

«መምህሩ ወፎቹን ተማሪ አድርገዋቸው ኖሯል፤ ጸጥ ብለው ተቀምጠውላቸዋል።»

ተቀምጠው ነበር። ማሽላው ላይ።

ጋሼ ሰይድ ሮጠው ደርሰው ሲያባርሯቸው፣ የምሥራቁ ጥግ ባዶ አገዳ ሆኗል። አልተቆጡም። አንዱን የተበላ የማሽላ ራስ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ የቀረው አለ» አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማሽላው እስኪታጨድ ድረስ ካሜራዬን ቤት እየተውኩ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ማማው ላይ ጅራፍ ሳጮኽ ከረምኩ።

መጽናኛዬ ያቺ ፎቶ ነበረች። ፊልሙን አዲስ አበባ ልኬው ኖሮ፣ ታጥቦ ሲመጣልኝ ፖስታውን ሳልከፍት ወደ ጋሼ ሰይድ ቤት ገሠገሥኩ፤ ያን ቀን ዓይኔ ምን እንዳየ፣ ለምንስ እንደ ከዳኋቸው ራሳቸው እንዲያዩልኝ። ከፊታቸው ከፈትኩት። ገደሉ አለ። ማሽላው አለ። ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሳሕን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ወፍ የለችበትም። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ባለሙያ ባማረ እጅ ጽሑፍ፣ «ሰማዩ ላይ የነበረውን እጅግ ብዙ ነጠብጣብ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ አጽድተናል» ብሎ ጽፏል።

እያነበብኩ ነገርኳቸው። ጋሼ ሰይድ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት።

«አንድም አላስቀረ?»

«አንድም።»

ጀርባውን ገልብጠው፣ የባለሙያውን ጽሑፍ እያሳዩ ለእትዬ ዘሐራ አቀበሉ።

«ለከርሞ ማማውን የምንሰጠው ለዚህ ሰው ነው» አሏቸው።