የባህር ዛፉ ሁለት ነጥብ

ከሚሌኒየሙ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሶዶ ላይ በተካሄደ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአካባቢ ሳይንስ ውድድር፣ ከገሱባ በኩል የመጣው ቡድን በሁለት ነጥብ ተሸነፈ።

እኔ የላክሁት ዜና ከዚህ ብዙም አይረዝምም። አራት መስመር ነው። አራተኛው መስመር ውድድሩ «በደማቅ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ይላል፤ እሱን የጨመረው አርታኢዬ ነው። እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ከአዳራሹ አምፖሎች የሚበሩት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ዛሬ የማወራችሁ ከአራቱ መስመር የተረፈውን ነው። እንባ የሚያመጣ ነገር ከጠበቃችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የሥራ ዘመኔን ስብሰባ ላይ ተቀምጬ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስብሰባ ላይ ስንት ሰው እንዳለቀሰ ማንም አያስታውስም። ስንት ወንበር ባዶ እንደነበር ግን እኔ አስታውሳለሁ።

ያኔ ውድድር የማይደረግበት ነገር ነበር እንዴ? የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ካናቴራ ያልደረሰው የክበብ አባል አልነበረም። ካናቴራው አረንጓዴ ነው። ልኩ አንድ ነው፤ የትልቅ ሰው። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሲለብሰው ጉልበቱ ድረስ ይወርድና ተወዳዳሪ ሳይሆን ቀሚስ የለበሰ ካህን ይመስላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሰበሰብ ሰው ደግሞ ያለ ላስቲክ ውሃ አይሰበሰብም። ሲበተን ጠርሙሱን ሜዳው ላይ ትቶ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ሁምቦ ወርደን ለችግኝ ተከላ ተሰልፈን ቆምን። ችግኙ ሳይደርስ ባነሩ ደረሰ። ባነሩን ለመስቀል ሁለት ዛፍ ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ ግን ዛፍ የለም፤ የመጣነውም ለዚሁ ነው። ምን ተደረገ ትላላችሁ? መኪናው ሶዶ ድረስ ተመልሶ ሁለት የባህር ዛፍ እንጨት ጭኖ መጣ። ባነሩ ተሰቀለ። ባነሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ልንገራችሁ? «ባህር ዛፍን በአገር በቀል ዛፎች እንተካ!»

ወደ ውድድሩ ልመለስ።

ከገሱባ የመጡት አራት ናቸው። አስተማሪያቸው መምህር ጴጥሮስ ክበቡን ከባዶ ያቆመ ሰው ነው፤ ካናቴራ እንኳ የደረሳቸው በዚያው ሳምንት ነበር። በአይሱዙ ላይ፣ በዚያ መንገድ፣ አቧራ ለብሰው ደረሱ። አሸናፊው ቡድን ለክልሉ ውድድር ሐዋሳ ይሄዳል። ከአራቱ ሦስቱ ከሶዶ አልፈው አያውቁም። የቡድኑ መሪ ጸጋነሽ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ሶዶንም ያየችው ለሁለተኛ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው እናቷ ኦቶና ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ መምህር ጴጥሮስ ነው። የእናቷ መታከሚያ፣ የቤታቸው ቆርቆሮ፣ የእሷ ደብተር ሳይቀር አባቷ ቁልቁለቱ ላይ ከተከለው ባህር ዛፍ እንደወጣም ጨምሮ ነገረኝ። ጻፍኩት። ሰው ምን እንዳለው ማወቅ አይጎዳም።

ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ። የአፈር መሸርሸርን ጠየቋቸው፣ መለሱ። ስለ እርከን ጠየቋቸው፤ እንድርያስ የሚባለው ልጅ መልሶ ሲያበቃ የጠያቂውን አሃዝ አረመ። የቀሩት ቡድኖች አንድ በአንድ ወረዱና መጨረሻ ላይ ገሱባና የከተማው ቡድን እኩል ሆኑ። አንድ ጥያቄ ቀረ። ሁለት ነጥብ።

ዋናው ዳኛ አቶ ሽፈራው ናቸው፤ የግብርና ባለሙያ፣ ደግ ሰው፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ። ጥያቄውን አነበቡ። ባህር ዛፍ በምንጮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምንድን ነው? መልሱ እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። አንድ መስመር ነው። ምንጮችን ያደርቃል።

ጸጋነሽ ቀድማ የመልስ ደወሉን ደወለች። ተነስታ ምንጩ የት እንዳለ ጠየቀች።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ሽፈራው በትዕግሥት ጠያቂው እሳቸው እንደሆኑ አስረዷት። እሷ ደግሞ ምንጩ ከዛፉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ዛፉ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳይነገራት በደፈናው ያደርቃል ማለት እንደማትችል አስረዳች። ሰውየው ይችላሉ፤ ዜሮ ብለው ማለፍ ይችላሉ። አላደረጉትም። ሠላሳ ሴኮንድ ሰጧቸውና ተመካከሩ አሏቸው።

ምክክሩ በወላይትኛ ነበር። የፊተኛው ወንበር ላይ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ። እንድርያስ ይለምናል። «በይውና እንሂድ በቃ! ዛፉ እዚህ የለ፣ አይሰማሽ!» ሌላዋ ልጅ ካናቴራዋን ይዛ ትጎትታታለች። መምህር ጴጥሮስ መናገር አይፈቀድለትም፤ ከኋላ ተቀምጦ ውሃ የሚጠጣ ሰው እየመሰለ በእጁ ያሳያታል። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ብርጭቆውን ይገለብጣል። ያንን ያላየ ዳኛ ቢኖር አቶ ሽፈራው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሆን ብለው ነው።

ጸጋነሽ ተነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ለካው?»

«መጽሐፉ ላይ አለ፣ ልጄ።»

«መጽሐፉ የኛን ምንጭ ያውቀዋል?»

አሁን የሳቀ የለም። አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። በያትና ነጥብሽን ውሰጂ።»

«ያላረጋገጥኩትን አልልም።»

ተቀመጠች። ዜሮ። ጥያቄው ወደ ከተማው ቡድን አለፈና ልጁ ወረቀቱን ያየ ይመስል ቃል በቃል መለሰው። ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲጮህ እኔ ሌላ ነገር እየቆጠርኩ ነበር። አግዳሚዎቹ ባህር ዛፍ ናቸው። መድረኩ ባህር ዛፍ ነው። ባነሩ የተወጠረው በባህር ዛፍ ነው። የማይክራፎኑ እግር ተሰብሮ በምን ታስሮ እንደነበር ልንገራችሁ ወይስ ገብቷችኋል?

መምህር ጴጥሮስ ይግባኝ ልበል አለ። ኮሚቴው ይግባኝ በቅጽ ነው አለው። ቅጹን ስጡኝ አለ። ቅጹ አልታተመም አሉት። ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ።

እኔ ገሱባ ሌላ ሥራ ስለነበረኝ አብሬያቸው በአይሱዙው ተመለስኩ። እንዲህ ያለ መንገድ ደግሜ አልሄድኩም። መንገዱን ማለቴ አይደለም። እንድርያስ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ለጸጋነሽ አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ ጉድጓድ ላይ አባትሽ ይመርቅሻል፣ ዛፍ በስምሽ ይተክላል አላት። ሌላው ላይ ሐዋሳ ሐይቅ አለ ይባላል፣ ባህር ዛፍ ካልጠጣው አላት። ሌላዋ ልጅ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። ጸጋነሽ ከቋጠሮዋ የተቀቀለ ጎዳሬ አውጥታ ለሁሉም አደለች። እንድርያስ አልቀበልም አለ። የእሱንም በላችው።

እኔ ምን አሰብኩ? የአባቷን ዛፍ ነው የጠበቀችው ብዬ አሰብኩ። መኪናው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያሰበው ይህንኑ ነው። ቢሆንም አልጠላኋትም። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ማን ለካው ብሎ ለመጠየቅ ምክንያቱ የግል ቢሆንስ? ጥያቄው ጥያቄ ነው። በኋላ ለጀማሪ ጋዜጠኞች ሥልጠና ስሰጥ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸው ነበር። እንደ እሷ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ቀጥዬ ደግሞ የአባቷን ባህር ዛፍ እነግራቸውና ጠያቂው ራሱ ምን እንደሚያተርፍ አጣሩ እላለሁ። ጎበዝ አሠልጣኝ ነበርኩ።

ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ገሱባ ወዳለችበት ወደ ኦፋ ወረዳ ሄድኩ። ስለ ውሃ ጉዳይ የሚያነጋግረኝ ባለሙያ ጠየቅሁና ወደ አንዲት ሴት መሩኝ። ጸጋነሽ ናት። ወዲያው አወቀችኝ፤ ዜናውን አንብባዋለች፤ «በደማቅ ሁኔታ» የሚለውንም በቃሏ ታውቀዋለች። ያ ምንጭ የት እንደሆነ ማየት እንደምፈልግ ነገርኳት። ይዛኝ ወጣች። መንገድ ላይ ቤታቸው ገባ ብላ አንድ ደብተር ይዛ ተመለሰች።

ደብተሩ ሽፋን የለውም። በየመስመሩ ቀንና ደቂቃ ተጽፎበታል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ምንጩ ሥር ታስቀምጣለች፤ እስኪሞላ የፈጀውን ጊዜ በእጅ ሰዓት ትይዛለች፤ ትጽፋለች። እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። የመጀመሪያው መስመር ኅዳር ይላል። ዓመቱን ሁለት ጊዜ አየሁት። የውድድሩ ዓመት ነው። መጋቢት ላይ እዚያ መድረክ ስትቆም አራት ወር ለክታለች ማለት ነው። ቁጥሩን በጣቴ ወደ ታች ተከተልኩት። እሁድ በመጣ ቁጥር ጀሪካኑ ለመሙላት የሚፈጅበት ጊዜ ይጨምራል።

ምንጩ እየቀነሰ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ዜሮ ያገኘው።

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

«ጋሼ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት በጋ አይደለም እንዴ? በበጋ የማይቀንስ ምንጭ የት አለ? ክረምቱን ሳላይ ዛፉን ብከስ የሐሰት ምስክር መሆኔ አይደል?»

ለጓደኞችሽ እንኳ ብትነግሪያቸውስ? ሳቀች። ለእንድርያስ ብትነግረው ኖሮ ደወሉን እሱ ይደውለው እንደነበር ነገረችኝ።

ሁለት ክረምት ጠበቀች። ምንጩ ወደ መጀመሪያው ቁጥር አልተመለሰም። ደብተሩን ከማንም በፊት ለአባቷ አሳየች። አባቷ ከሳምንት በኋላ መጥረቢያቸውን አንስተው ከምንጩ በላይ ያለውን ባህር ዛፍ ቆረጡ። እንዳያቆጠቁጥ ጉቶውን ሳይቀር ነቀሉት።

አቶ ሽፈራው ጡረታ ወጥተው ሶዶ ይኖራሉ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ያቺን ግትር ልጅ እያነሱ ይስቃሉ። ትክክል እንደነበሩ አልነገርኳቸውም። አልነግራቸውምም። የለኩት እሳቸው አይደሉም።