የዱላ አወራረድ በመርሳ

ዱላ ማለት አንዱ ጫፍ ሰው እጅ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ሌላ ሰው ላይ የሚገኝ እንጨት ነው። አንዳንዴ ብረት ይሆናል። አንዳንዴም ሰው ሲጠፋ ውሻ ላይ ወይም እህል ላይ ያርፋል። የእኛ አገር ሰው ስለ ዱላ ሲያወራ ግን የሚያወራው ስለ አነሣሡ ብቻ ነው። ማን አነሣ? ለምን አነሣ? ማን ቀድሞ አነሣ? ማንሣቱንማ ማን ያቅተዋል? ነገሩ ያለው አወራረዱ ላይ ነው።

ይህ የእኔ አባባል አይደለም። የጋሽ ይመር ነው።

ጋሽ ይመር የከተማችን የመርሳ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ የብረት ዱላ ይዘው ተመለሱ። ሌላው ጡረተኛ ፍሪጅ ይዞ ይመጣል። ጎልፍን ለማታውቁት፣ ተጋጣሚው ቡድን የቀረበት የገና ጨዋታ ነው። ኳሷ ከእንቁላል ታንሳለች። ሜዳው ግን መሬት ለሌላቸው የአንድ ቀበሌ ወጣቶች ቢከፋፈል ይተርፋል።

«ዱላ ሲወርድ ዳሌ ይቀድማል» ይላሉ ጋሽ ይመር። ዳሌ ዞሮ ደረትን ይጎትታል፤ ደረት ክንድን ይጎትታል። የእጅ አንጓ ግን እስከ መጨረሻው ታጥፎ ይቆይና ኳሷ ጋ ሲደርስ ብቻ ይፈታል። እጅ ቸኩሎ ከቀደመ ጉልበቱ ሁሉ አየር ላይ ያልቃል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ትክክል መሆናቸውን አውቃለሁ። ችግሩ መርሳ ላይ ጎልፍ የሚጫወት አለመኖሩ ነበር። እውቀት ደግሞ እንደ ወተት ነው፤ ጠጪ ካጣ ይኮመጥጣል።

ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ ያርሙ ጀመር። ግንድ ፈላጩን አረሙ። የሠርግ ድንኳን ካስማ የሚመታውን አረሙ፤ ሰውየው ሲያዳምጥ ድንኳኑ ወደቀበት። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በርበሬ ሲወቅጡ አጥር ላይ ተደግፈው፣ ዘነዘናው ሲወርድ ዳሌ ይቅደም ብለው መከሩ። እትዬ ዘይነባም «ይመር ወንድሜ፣ አንተ ዳሌዬን ተወውና በርበሬው ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አጥሩ አረፈ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማውን የያዙትን ታጣቂዎች «እንግዶቹ» እንላቸው ነበር። በእኛ አገር እንግዳ መቼ ትሄዳለህ ተብሎ አይጠየቅማ። መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ወፍጮ ቆመ፣ ጎረምሳው ሸሸ። የቀረነው ሽማግሌዎች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና መሸሹን ሲያስብበት የተያዘ አስተማሪ ነን።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር ያንን ብረት እየተመረኮዙ ሲሄዱ ኬላ ላይ ተያዙ። ይህ ምን ዓይነት መሣሪያ ነው ተባሉ። ሰው ሲጠየቅ ደንግጦ «ምርኩዝ ነው» ይላል እንጂ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ፊቱ ይበራል? ስለ ዳሌ ጀመሩ። ስለ አንጓ ቀጠሉ። ጠዋት የያዟቸውን ሰውዬ ጥላ ሲዞር፣ ዱላቸውን በእጃቸው አስጨብጠው፣ በአላህ ይሂዱልን ብለው ለቀቋቸው። ይህችን ልብ በሉ።

ኅዳር ሲገባ ማሽላ ደረሰ። እትዬ ዘይነባ ባላቸው ሞተው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የቀሩ ናቸው። የዓመት ቀለባቸው ያቺው አንድ አውድማ ማሽላ ናት። በሬዎቹን እንግዶቹ አርደው ስለበሏቸው ማበራየት የለም፤ በዱላ መውቃት ብቻ። በወረዳችን በሐብሩ ውቂያ ደግሞ ወጉ የታወቀ ነው። ወቂዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንድ አውራጅ ያዜማል፤ የዚህኛው ረድፍ ዱላ ሲወርድ የዚያኛው ይነሣል። ማንም ስለ ዳሌው አያስብም። ዜማው ያስብለታል።

ሐሳባችን ማለዳ በደቦ ወቅተን፣ እህሉን ጉድጓድ ከተን፣ አፉን አፈር አልብሰን፣ ላዩ ላይ ፍየል ማሰር ነበር። አውራጁ አባ ሙሔ ናቸው። ጥርስ የላቸውም፤ ምላሳቸው ግን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ገና ዱላቸውን ሲያነሡ የእንግዶቹ አለቃ ከነተከታዮቹና ከነባዶ ጆንያው አውድማው ጫፍ ላይ ደረሰ።

ትሑት ሰው ነበር። ሰላምታ ሰጠ። ጆንያዎቹን ዘርግቶ፣ ቁርቁራው ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ በርቱ፣ እንጠብቃለን አለ። ያልተወቃ ማሽላ ከነራሱ በጆንያ አይገባም፣ ለምግብም አይሆንም፤ ስለዚህ የእኛን ጉልበት መጠበቁ ነው። አለመውቃት አይቻልም፤ ጠመንጃ አለ። መውቃትም አይቻልም፤ የልጆቹ ጉሮሮ አለ። እትዬ ዘይነባ መሬት መሬቱን አዩ። «ያ ጀሊል» ብቻ አሉ፣ በዝግታ።

አባ ሙሔ ዱላቸውን አነሡ።

«ይቁም!» አሉ ጋሽ ይመር።

አለቃው ብድግ አለ። ጋሽ ይመር ጠመንጃውን ከነመኖሩም አላዩትም። የሚያዩት የአባ ሙሔን ክርን ነው። በእንዲህ ያለ አያያዝ ይህ ሁሉ እህል እንዴት ይወቃል፣ ጉልበቱ እኮ እየባከነ ነው ብለው አውድማው መሐል ገቡና ትምህርቱን ጀመሩ። ወቂዎቹን በተርታ አቆሟቸው። ዱላ ሳይወርድ ዳሌ ብቻ ይዙር አሉ። ስምንት አሥር ሽማግሌ ዳሌውን አዞረ። እንዲህ ያለ ነገር መርሳ ከተቆረቆረች አልታየም።

አለቃው ያስቆማቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀረብ ብሎ፣ ክብደቱ መጀመሪያ በየትኛው እግር ላይ ነው የሚሆነው ብሎ ጠየቀ። ለካ ከጦርነቱ በፊት አስተማሪ ኖሯል። ይህ በሽታ እንደማይለቅ እኔ አውቃለሁ። ጋሽ ይመርም ብረታቸውን ሰጥተው፣ ወገቡን በሁለት እጃቸው ይዘው አዞሩት። ተከታዮቹም ተራ በተራ ገቡ። ዱላ ከዱላ ተጋጨ፣ አንዱ የራሱን ቅልጥም መታ፣ አፈር ቦነነ። እህል ግን ከማሽላው ራስ ላይ አልወረደም። ስለ ዳሌው የሚያስብ ሰው እንዴት ይወቃል?

አባ ሙሔ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ሃምሳ ዓመት የውቂያ ዜማ ያወረዱት ሰውዬ ባንዴ ደነዙ።

«ጋሼ ይመር» አሉ፣ ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ ሳለ፤ «ዳሌ ስንል የቀኙ ነው የግራው?»

«የግራው።»

«የእኔ ግራ ነው የአንተ ግራ? ፊት ለፊት ነና የቆምነው።»

እሱን ሲያስረዱ የዙሁር ሰላት ደረሰ። ከሰላት በኋላ እኔ ስለ ኃይል ማስተላለፍ ትንሽ ጨመርኩበት፤ ፊዚክስ ለሰው ጥቅም ሲውል ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አለቃው ነገ እንቀጥል ብሎ ባዶ ጆንያውን አስያዘ።

ነገም መጣ። ከነገ ወዲያም መጣ። ግራና ከተማ በኩል ያሉ ዘመዶቼ በአንድ ቀን ወቅተው በዚያው ቀን ተጭኖባቸው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እነሱ የሚለቅሙትም አልተረፋቸውም። እኛ ጋ ትምህርቱ አንጓ ላይ ደርሷል። አንድ ቀን አለቃው ላቡን እየጠረገ፣ እርስዎ በዘመንዎ ምን ያህል ርቀት ይመቱ ነበር ብሎ ጋሽ ይመርን ጠየቃቸው።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ይመር። «እኔ አልመታሁም። ቦርሳ ተሸካሚ ነበርኩ። ትልልቆቹ ሰዎች ሲመቱ ቆሜ አያለሁ፤ ኳሷ ስትጠፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ እፈልጋለሁ።»

አለቃው ቁርቁራው ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ተከታዮቹን አየ፤ አንዱ ሽንጡን ይዞ ያነክሳል። ውሃ ስጡኝ አለ።

ከዚያ ከውርጌሳ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተሰማ። እንግዶቹ ሰላም ሳይሉን ወደ ወልዲያ ወጡ። በማግስቱ ጋሽ ይመር ሐራ ያሉ እህታቸው በሕይወት መኖራቸውን ለማየት ማልደው ሄዱ። ገና ከዓይን ሲሰወሩ አባ ሙሔ አዜሙ። ፀሐይ ሳትበረታ ያ ሁሉ ማሽላ ተወቅቶ፣ ተነፍሶ፣ ጉድጓድ ገባ። ዳሌ የቀደመውም የዘገየውም አልነበረም።

እህታቸው ደኅና ኖረው፣ ጋሽ ይመር ደስ ብሏቸው ሲመለሱ አውድማው ተጠርጓል። ማን ወቃው አሉ። ባስተማሩን መሠረት ወቃነው አልን። እትዬ ዘይነባ ከማሽላው አንድ ቁና ሰፍረው ራሳቸው አመጡላቸው። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ይመር፣ በዚያች ብልሃትህ ልጆቼን አተረፍክልኝ አሏቸው።

«የምን ብልሃት?» አሉ ጋሽ ይመር።

ያታለልክበት ነዋ፣ እስኪሄዱ ያጓተትክበት አሉ እትዬ ዘይነባ።

ጋሽ ይመር ቀሉ። እኔ በሙያዬ አልቀልድም አሉ። ማንንም አላጓተትኩም፤ ሰው ነው ያስተማርኩት። ያ አለቃ ዳሌው ሊፈታለት ጥቂት ነበር የቀረው፤ እንደሱ ያለ ተማሪ እናንተ ውስጥ የለም፣ ሙሔማ ግራና ቀኙን አይለይም አሉ። ቁናዋን ተቀበሉና በሩን ዘጉብን። እትዬ ዘይነባ ደነገጡ።

አባ ሙሔ ግን ወደ በሩ ቀዳዳ ተጠግተው፣ «አብሽር ይመር» አሉ፤ «ተማሪህን ትጨርሰዋለህ። ሌላ ጦርነት አይጠፋም።»

አልጠፋምም። ማሽላው ግን ያኔ ተበልቶ አልቆ ነበር።