የአለቃዋ ጠመኔ

ጎንደር አራተኛ ክፍል ሳለን የበደለችኝ የክፍል አለቃችን ብርቄ ናት፤ ትንፍሽ ሳልል ከረባሾች ጋር ጻፈችኝ።

የልጅ ልጄ ስለ ጠንቋዮች ትምህርት ቤት የሚተርኩ መጻሕፍት እየተረጎመች ታነብልኛለች። በአንደኛው መጽሐፍ የተማሪ አለቃ ያለ መምህር ፈቃድ አይቀጣም። በሦስተኛው ግን አለቃው ስሙን በጠመኔ የጻፈበት ተማሪ ድምፁ ይጠፋል። ማን ፈቀደለት?

«ሳብታ፣ ተረት እኮ ነው! አንቺ ደግሞ!» ትለኛለች፤ ሳብታ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው።

ተረት ነው ትላላችሁ? ብርቄ ዛሬ እዚህ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር የሕንጻችን ኮሚቴ ናት። ግድግዳ ላይ መጻፍ ክልክል ነው ያለችውም እሷው ናት። ትናንት በደረጃው ግድግዳ ላይ «ረባሽ» ከሚለው ሥር፣ በዚያው በድሮ ጽሕፈቷ፣ ስሜን በጠመኔ ተጽፎ አገኘሁት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም።

ስሜን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና የእሷን ጻፍኩበት።