ፕሮፌሰር ረቢአና የአብዱልፈታህ አፍንጫ

ከሚሴ ውስጥ ውሃ የሌለው ሰፈር ይገኛል፤ መብራት የጠፋበትም አይጠፋም። ሐኪም የሌለው ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ግን ዘበት ነው። ሐኪም ሲባል ነጭ ጋውን ለብሶ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አይደለም። እሱ ያለው ሆስፒታል ነው፤ ወረፋም አለው። የሰፈር ሐኪም ወረፋ የለውም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ያዛል፣ ያዘዘው ካልሠራ ደግሞ ጥፋቱ የታማሚው ነው።

ባጃጅ ነጂው አብዱልፈታህ በሚኖርበት ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት እትዬ ረቢአ ነበሩ። ገበያ ላይ ቅቤና ጥቁር አዝሙድ ይሸጣሉ። ትምህርታቸው ቁርኣን ቤት ተጀምሮ እዚያው ያለቀ ነው፤ «ፕሮፌሰር» የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸው ባጃጅ ነጂዎች ናቸው። እሳቸው እንደሆነ ማዕረጉን አልጠየቁም፣ ከተሰጣቸው በኋላም አልመለሱም። ማዘዝ ሲጀምሩ ሁልጊዜ በትሕትና ነው። «እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ…» ይላሉ። ከዚያች «ብቻ» በኋላ የሚመጣውን አዛን ካልሆነ ምንም አያቆመውም።

አብዱልፈታህ እናት አባቱን ጨፋ ትቶ ከሚሴ ከገባ ጀምሮ የሳይነስ ሕመም አልለቅ ብሎታል። ግንባሩ ይከብደዋል፣ ጉንጩን ሲነኩት ያመዋል፣ ከአፍንጫው የሚወርደው ወፍራምና ቢጫ ነው። መድኃኒት ወስዶ አልሐምዱሊላህ ተሻለኝ ባለ በወሩ ተመልሶ ይመጣበታል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ለእትዬ ረቢአ ሲሳይ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሰላምታ የሚያቀርቡት ለልጁ ሳይሆን ለአፍንጫው ነበር። በኦሮምኛ «ፉኛንኬ አካም ቡሌ?» ይሉታል፤ አፍንጫህ እንዴት አደረ ማለታቸው ነው። አብዱልፈታህ ራሱ እንዴት እንዳደረ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ ጊዜ ከተረፈ ነው።

ያላደረጉት ነገር የለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው፣ ብርድ ልብስ ደፍተውበት አልበውታል። ነጭ ሽንኩርት በማር አስውጠውታል፤ በዚያ ሳምንት ባጃጁ ውስጥ ከኋላው ለመቀመጥ የደፈረ ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ዳማከሴ ጨምቀው አፍንጫው ውስጥ ያንጠባጠቡለት ቀን ደግሞ እንባው መንገድ አላሳይ ስላለው ባጃጁ ቆማ ዋለች። አንድ ጊዜ መናኸሪያው ፊት ለፊት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ሊሳፈሩ መስሎት ቢቆም፣ በጨርቅ የቋጠሩትን ጥቁር አዝሙድ አፍንጫው ላይ ደቅነው ደህና አድርጎ እንዲስብ አዘዙት። ተሳፋሪዎቹም ባዶ እጃቸውን አልወረዱም፤ አንዱ ለጉልበቱ፣ አንዷ ለሆድ ቁርጠቷ የሚሆነው ተነግሯቸዋል። ከኋላ የቆመው የሚኒባስ ሹፌር ጡሩምባውን ቢያንባርቅ ለእሱም ንዴት የሚያበርድ ነገር አዘዙለት።

በመጨረሻ የከሚሴው ሐኪም፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማያውቅ ወጣት፣ የሕመሙ መመላለስ ስላላማረው አብዱልፈታህን ለደም ምርመራ አዲስ አበባ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጦ አስረዳው።

«ሌላው ሰው ሰውነቱ ውስጥ በሽታ የሚከላከሉ ዘበኞች ሞልተውታል» አለው። «ያንተ ግን ከተፈጥሮህ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በርህን ራስህ ትጠብቃለህ።»

በሩ አፍንጫው ነው። አጠባበቁም ተነገረው። በየዕለቱ ውሃ አፍልቶ፣ ለብ ሲል ጨው ጨምሮበት አፍንጫውን ያጥባል። የታዘዘለትን ክኒን ተሻለኝ ብሎ በመሀል አያቋርጥም። ከጭስና ከአቧራ ይሸሻል፤ ባጃጅ ነጂ ከአቧራ ወዴት እንደሚሸሽ ባይታወቅም ፊቱን በሻሽ ይሸፍናል። ከሁሉም በላይ ትኩሳት ከተሰማው ወይም ዓይኑ አካባቢ ካበጠ ዛሬ ነገ ሳይል ሐኪም ቤት ይመጣል፤ ቸል ካለ ሕመሙ ወደ ዓይኑ ተሻግሮ ሊያሳውረው ይችላል። ዓይን ለማንም ዓይን ነው፤ ለባጃጅ ነጂ ደግሞ እንጀራው ነው።

«በሽታ የመከላከል አቅም» የምትለው ቃል ሰፈር ስትገባ ድምፆች ዝቅ አሉ፤ ሰው ሁሉ ያሰበው ያንኑ በሽታ ነው። ሹክሹክታውን ያቆሙት እትዬ ረቢአ ናቸው። ተመርምሮ እሱ አለመሆኑን ከገበያው መሀል ቆመው ተናገሩና፣ ቢሆንስ ኖሮ እናንተን ምን ቸገራችሁ ብለው ጠየቁ። አብዱልፈታህ ይህን ሲሰማ ለነጭ ሽንኩርቱ ይቅር አላቸው።

ይቅርታው ግን ሳይቸኩል አልቀረም። ፕሮፌሰሯ የሐኪሙን ትእዛዝ አንድ በአንድ ሰምተው ክኒኑን አጸደቁ፤ ከጭስ መሸሹንም አጸደቁ፤ የጨው ውሃው ላይ ሲደርሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ አንተ ለሶላትህ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ታደርግ የለም ወይ? አፍንጫህ ውስጥ ውሃ ስበህ ትለቅ የለም ወይ? ሐኪሙ የማይሰግድ ሆኖ ነው እንጂ ይሄን ያውቅ ነበር። በል ውዱእህን አጥብቀህ ያዝ፣ ከሰሉን ለወጥ እናድርገው።»

አብዱልፈታህ ክርክሩ ቀዳዳ አጣበት። እውነት ለመናገር ቀዳዳም አልፈለገለትም፤ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ውሃ ማፍላት ሰልችቶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውዱእ ሲያደርግ የበርሜሉን ውሃ አፍንጫው ውስጥ ጠለቅ አድርጎ ይስብ ጀመር። ሰላም የሆነ ጊዜ አለፈ። እትዬ ረቢአ ጥበባቸውን ለገበያው ሁሉ አወሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት አብዱልፈታህ ሲነቃ ግራ ዓይኑ አብጦ አልገለጥ አለው፤ ሰውነቱም እሳት ሆኖ ነበር።

ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። እትዬ ረቢአ አጥሚት ይዘው መጡ፤ አጥሚቱን ሳያስቀምጡ የውዱኡን ነገር ለሐኪሙ ማስረዳት ጀመሩ። ሐኪሙ አላቋረጣቸውም።

ሲጨርሱ «እኔም እሰግዳለሁ እማማ» አላቸው። «ውዱእ ለሶላት ነው፤ ይሄ ለሕመሙ ነው። ለእኔና ለእርስዎ የበርሜል ውሃ ምንም አይለን ይሆናል። እሱ ግን ጠለቅ አድርጎ የሚስበው ውሃ እሳት ያየ መሆን አለበት።»

እትዬ ረቢአ አጥሚቱን አስቀመጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የተሸፈነውን ዓይን ብዙ ሲያዩ ቆዩና «ኢልማኮ» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዓይንህን ላጠፋው ነበር።» አብዱልፈታህ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አሳዝነውት አያውቁም። የሚያጽናናበት ቃል ስላጣ ስለ ቆየ የጉልበት ሕመም አማከራቸው። ጉልበቱን አሞት አያውቅም። እሳቸው ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘሩ።

ዓይኑ ዳነ። ከዚያ በኋላ ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያው የሰፈሩ እሳት የሚነደው እትዬ ረቢአ ቤት ሆነ። ውሃው ፈልቶ፣ ለብ ብሎ፣ ጨው ገብቶበት፣ አፉ በንጹሕ ጨርቅ በታሰረ ማንቆርቆሪያ አብዱልፈታህ በር ላይ ይደርሳል። አፍንጫው እንዴት እንዳደረ ይጠየቃል፣ እፊታቸው ይታጠባል፣ ይመረቃል። ገበያ ላይም «እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ ውሃው ይፍላ» የሚለው አዲስ ትእዛዝ ወጣ። የማን ግኝት እንደሆነ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ቅቤ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ውሃ እንዲያፈላ ታዝዞ ይመለሳል።

እንዲህ እያለ አንድ የገበያ ቀን አብዱልፈታህ ሲነሳ ሰውነቱን ሞቅ ሞቅ አለው፤ የግራ ዓይኑም ጥግ ከበደው። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት፣ ባጃጅ የማይቆምበት ቀን ነው። ሠርቼ ማታ እሄዳለሁ ብሎ ለራሱ ነገረው። እትዬ ረቢአ የአፍንጫውን አዳር ጠይቀው «ደህና ነው» ሲላቸው ፊቱን አዩት፤ ድምፁንም ሰሙት። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና ባጃጇ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። የቅቤ ቅላቸውን አለመያዛቸውን ያስተዋለው ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ነው።

«ወደ ገበያ ነው?»

«ወደ ሐኪም ቤት።»

«እትዬ ረቢአ፣ ዛሬ እኮ ገበያ ነው።»

«ለእኔስ ገበያ አይደለም ወይ? ቅቤዬ ይቅለጥ። እዚህ እቀመጣለሁ፣ አልወርድም።»

እውነትም አልወረዱም። መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋ ተሳፋሪ ሁሉ አንገታቸውን አውጥተው ተይዟል ይሉ ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ክኒኑን መቼ እንደጨረሰ፣ ከአፍንጫው የወረደው ምን መልክ እንደነበረው ሁሉን ለሐኪሙ ያስረዱት እሳቸው ናቸው። ሁለት ቦታ ላይ አብዱልፈታህን አርመውታል። ሐኪሙ ዓይኑን ገልጦ አየ፣ ግንባሩን ተጫነ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። በጊዜ ስለመጣ ዓይኑ እንዳልተነካ፣ መተኛትም እንደማያስፈልገው፣ ክኒኑን ቤቱ ሆኖ እንደሚወስድ ነገራቸው። ወደ ሴትዮዋ ዞሮም እናቱ እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«ጎረቤቱ ነኝ» አሉት። «እናትማ አንዳንዴ ትተኛለች።»

አብዱልፈታህ አንገቱን ደፋ። ዘበኞችህ ጥቂት ናቸው ሲባል አምኖ ኖሯል፤ ሐኪሙ ግን አጥሩ ጋ የምትቆመዋን አልቆጠራትም ነበር።

ሲመለሱ ፀሐይዋ ገና ከፍ አላለችም፤ ገበያውም አልተጋመሰም። መንገድ ላይ አንድ ጎልማሳ አሳፈሩ። ሰውዬው ገና ሳይቀመጥ አስነጠሰ፤ ደግሞም አስነጠሰ። አብዱልፈታህ በመስታወቱ አየውና አላስቻለውም።

«እኔ እንኳ ሐኪም አይደለሁም፤ ብቻ…» ብሎ ጀመረ።

ከኋላ የእትዬ ረቢአ እጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ማዘዙን ለእኔ ተወው» አሉ። «አንተ መንገድህን እይ።»

አብዱልፈታህም በሁለት ዓይኑ መንገዱን አየ።