እማማ ይጣል

በየሰፈሩ ድራማ የሚያይ ሞልቷል፤ በድራማ ላይ የሚፈርድ ግን አንድ ነው። ይህ ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል፣ ሲጠየቅ ደግሞ ይኮራል። «እዩት» ያለውን ያላየ ከወሬ ይቀራል። እሱ ያጣጣለውን ሲወድ የነበረ ሁሉ ደግሞ በማግስቱ «እኔም እኮ ገና ድሮ አልጣመኝም ነበር» ብሎ ይክዳል። ማንም ሳይሾመው፣ ደሞዝ ሳይቆረጥለት፣ የሰውን ምሽት እንዳሻው ያዛል።

በዚህ ሰፈር ያንን ወንበር የያዙት እማማ ይጣል ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጣላቸው ከሚኖሩበት ሕንጻ ሥር ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ክብርት ዳኛችን አንድን ተከታታይ ድራማ ሦስት ክፍል ይታገሡታል። ከዚያ ተዋናይዋ ከነሊፕስቲኳ ከእንቅልፏ ከተነሳች፣ «ይጣል!» ሐኪም ነኝ ባዩ የልብ ማዳመጫውን ቀኝ ደረት ላይ ካሳረፈ፣ «ይጣል!» ሰውየው ስልክ አውርቶ ደህና ሁኚ ሳይል ከዘጋ ደግሞ፣ «ያልተቀጣ! ይጣል!» ይግባኝ የለም።

ምስኪኑ ፀጉር አስተካካይ አንድ ጊዜ ስለ ነፍስ ግድያ የሚያወራ ድራማ ይዞት፣ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ሲቀረው ደረጃው ላይ አገኛቸውና በደስታ ነገራቸው። «ይጣል» አሉት።

«እማማ፣ የቀረኝ እኮ አንድ ክፍል ነው!»

«ታዲያ አንዱንስ ቢሆን ምን ብለህ ታባክነዋለህ?»

ጣለው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ምላጭ በእጁ ይዞ ደንበኞቹን በጥርጣሬ ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታየውን የአንድ መርከብ ካፒቴን ድራማ ሳይጥሉት መቅረታቸው የእህታቸውን ልጅ፣ ፋርማሲስቷን፣ ግራ አጋብቷታል። ጉድ እኮ ነው! ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ ራሱን ረስቷል። መርከቧ አንድም ቀን ከወደብ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ክፉው መንትያ ወንድሙ ከእሱ የሚለየው በጢሙ ብቻ ሲሆን፣ ጢሙም ሲቆጣ ይላቀቃል። እናትየው ከነሊፕስቲኳ ኮማ ውስጥ ገብታ ከነሊፕስቲኳ ተኝታለች። እማማ ይጣል ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «እስቲ ደግሞ ምን ሊሆን ነው» ይላሉ። ፋርማሲስቷ መጀመሪያ እርጅና መስሏት አዝና ነበር።

ሶፋው ላይ አክስቲቱ መሀል ይቀመጣሉ። ፋርማሲስቷ በግራ ጥግ፣ ወንድሟ ኤሌክትሪሺያኑ በቀኝ ጥግ። እህትና ወንድም ዓይንና ናጫ ናቸው፤ ነገሩም ቀላል አይደለም። እናታቸው ስትታመም እሷ ሌላ ከተማ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። ወንድሟን በስልክ በጠየቀችው ቁጥር «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» እያለ ሸነገላት። ልጇን ታቅፋ ጠቅልላ ስትመጣ እናቷ ከተቀበረች ሰንብታለች። «መድኃኒት የማውቀው እኔ፣ ሳልሰማ የቀረሁትም እኔ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱን አልረገጠችም። ጋሼ እያለች ያደገችውን ታላቅ ወንድሟንም «ሰውዬው» ከማለት በቀር አትጠራውም።

ያገናኟቸው አክስታቸው ናቸው፤ በተንኮል። ለእሷ ደውለው፣ «ልጄ፣ ይሄ ኢንተርኔት የሚሉት ድራማዬን ደብቆብኛል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በይልኝ» አሏት። ለእሱ ደውለው፣ «ሶኬቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፣ ተቃጥዬ እስክሞት ነው የምትጠብቀው?» አሉት። ሁለቱ በር ላይ ተፋጠጡ። ካፒቴኑም የዚያን ቀን ተጀመረ። ይኸው ዓመት አለፈው፤ ቅዳሜ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ይደብቃል፣ ሶኬቱ ይታመማል። ኤሌክትሪሺያኑ እንዲህ ያለ ቀን የሚያውቅ ሶኬት በሥራ ዘመኑ አላየም።

ታዲያ አይነጋገሩም። ቢነጋገሩም በአክስታቸው በኩል ነው፤ ያም ካልሆነ በቴሌቪዥኑ። «አክስቴ፣ ለሰውዬው ጭንቅላቱን ዝቅ ያድርግልኝ በይው።» «አክስቴ፣ መነጽር እንደሚሸጥ ንገሪያት።» ስለ ካፒቴኑ ግን እሳት ይተፋሉ። እሱ ይከላከልለታል፣ እሷ ትከሰዋለች፤ አክስቲቱ መሀል ሆነው ወዲያና ወዲህ ያያሉ። አንድ ቀን የመንትያው ጢም ሾርባ ውስጥ ሲወድቅ ሁለቱም እኩል ሳቁ። ፋርማሲስቷ ሳቋን እንደ መራራ ክኒን ዋጠችው፤ ቤቷ እስክትገባ ድረስም በራሷ ተናደደች።

የመጨረሻው ክፍል ቅዳሜ ደረሰ። ደረጃውን ስትወጣ ለራሷ «ግልግል!» አለች፤ አረማመዷ ግን የተገላገለ ሰው አይመስልም። በሩን ስትከፍት ወንድሟ ሶኬቱ ሥር ተንበርክኮ በካቻቢቴው ብሎኑን ያጠብቃል።

«አክስቴ፣ በአዲስ ቀይሬልሻለሁ» አለ ሳይዞር። «ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ እሱ አይነቃነቅም። ከእንግዲህ አያስቸግርሽም።»

«ማን ቀይር አለህ?» አሉ እማማ ይጣል። እንዲህ ሲቆጡ ሰምታቸው አታውቅም።

ፋርማሲስቷ ነገሩ ገባት። ድራማው ያልቃል፣ ሶኬቱ ድኗል፣ ሰውዬው ከዛሬ በኋላ አይመጣም። ደስ ሊላት ሲገባ ደስ አላላትም። ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

በድራማው የካፒቴኑ እህት፣ ዘፋኟ፣ ከሩቅ አገር ተመለሰች። ካፒቴኑ የእናታቸውን መታመም ደብቋት ኖሯል፤ እናትየው ደግሞ ከዚያ ኮማ ሳትነቃ አርፋለች። ዘፋኟ ወደብ ላይ አገኘችውና በጥፊ አጮለችው።

«እሰይ!» አለች ፋርማሲስቷ። «ድገሚው!»

«ምን ያድርግ ታዲያ?» አለ ወንድሟ፣ እሱም ወደ ቴሌቪዥኑ። «ልትወልድ ወር የቀራትን ሴት ምን ብሎ ያስደንግጣት?»

አክስቲቱ ዞር አሉ። «የምን መውለድ? ይቺ ዘፋኝ ናት። እንኳን ልጅ ባልም የላት።»

ወንድሟ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ፋርማሲስቷ ተነስታ መውጣት አማራት። ግን አልተነሳችም።

«ብትደነግጥስ?» አለች፣ እሷም ወደ ስክሪኑ። «እናቷ እኮ ናት! ደንግጣም ቢሆን ድምጿን ትሰማ ነበር።»

«እናቲቱ ናት ያስማለችው። ‹መጀመሪያ በሰላም ትገላገል፣ ከዚያ ትነግራታለህ› አለችው። ከዚያ የሚባል ጊዜ ግን አልተገኘም።» አለ ወንድሟ። «ጥፋት የለበትም አላልኩም። በየቀኑ ስልኩን እያነሳ መልሶ ያስቀምጠው ነበር።»

የካፒቴኑ እናት ኮማ ውስጥ ከገባች ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ማንንም አላስማለችም። ሐኪሙ ማዳመጫውን የት እንዳሳረፈ የማያመልጣቸው ክብርት ዳኛ ይህን ስሕተት ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገረም?»

«ማን ያናግረዋል?»

ይህን ያለው በቁጣ ቢሆን ትመልስለት ነበር። የተናገረው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ አንጀቷን በላት። ለካ እሱም እናቱን ቀብሮ ብቻውን ነበር የተመለሰው።

መርከቧ በመጨረሻ ከወደቡ ተነሳች። ካፒቴኑ እጁን አውለበለበ፣ ሙዚቃው አለቀ፣ ስክሪኑ ጨለመ። ኤሌክትሪሺያኑ ብድግ ብሎ ፒንሳውንና ካቻቢቴውን ወደ ቦርሳው ከተተ፣ ዚፑን ዘጋ። ፋርማሲስቷ ወደ በሩ አየች። ያ በር ከተዘጋ ማንም መልሶ እንደማይከፍተው ታውቃለች።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ ይጣል።

«አለቀ እኮ፣ አክስቴ።»

«ለእናንተ ይለቅ! እኔ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አላየሁትም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከአንድ ይጀመርልኝ።»

እንቅልፍ! እኚህ ሴትዮ በድራማ ፊት ዓይናቸውን ጨፍነው አያውቁም። እህትና ወንድም በአክስታቸው ራስ ላይ ተያዩ፤ ከእናታቸው ሞት ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። አክስቲቱ የጠፋውን ስክሪን አፍጥጠው ያያሉ፤ ብርድ ልብሱን ጨምድደው የያዙት ጣቶቻቸው ግን ነጭ ሆነዋል። ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ጢምና ሊፕስቲክ የታገሡት ለምን እንደሆነ ፋርማሲስቷ አሁን ገባት። እንባዋ መጣ። እነዚያን ጣቶች ብትስማቸው ወደደች።

«ጋሼ» አለች።

ወንድሟ ከነቦርሳው ዞረ።

«ቦርሳውን አስቀምጥና ሪሞቱን አቀብለኝ።»

አቀበላት። የመጀመሪያው ክፍል ተጀመረ፤ ገና ከጅምሩ የካፒቴኑ እናት ከነሊፕስቲኳ ከእንቅልፏ ተነሳች።

«ኤዲያ!» አሉ እማማ ይጣል። «ያኔ ስናየውም እኮ ታዝቤ ነበር!»

«አክስቴ፣ ያኔ ተኝተሽ አልነበር?»

«ዝም ብለሽ እዪ!»