ማሽን ያፈናቀለው ሰው ጠፋ

ችግር እየፈለገ የሚያጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አርባ ምንጭ እያለሁ ከአንዱ ባለሙያ ጋር አንድ ቢሮ ሠርቻለሁ። «ማሽን ከሥራ ያፈናቀላቸውን ዜጎች ተከታትላችሁ አሳውቁ» የሚል መመሪያ ከላይ ሲወርድ ኃላፊነቱ ለእሱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው? ኦቾሎ የሚባል የጋሞ ተራራ መንደር ድረስ ይዞኝ ወጥቶ የመንደሩን ሸማኔዎች ሰበሰበና ስለ ማሽን እሱ ብቻውን ሲያወራ ዋለ።

ለእንግዳ ዱንጉዛ ማልበስ የአገሩ ወግ ነው፤ ደማቅ ቀለም ያለው የጋሞ ሸማኔ ሥራ። ስብሰባው ሲያበቃ አንጋፋው ሸማኔ ጋሽ ጫሬ ተነሥተው አለበሱት። ባለሙያችን ጨርቁን እየዳበሰ ጠየቀ።

«አባባ፣ ይህን ለመሥራት ስንት ቀን ፈጀብዎት?»

«ምን ቀን ይፈጃል ልጄ፣ የፋብሪካ ነው። ጠዋት ገበያ ሄጄ ገዛሁት። እኔማ ሽመናውን ከተውኩት ቆየሁ፤ የማሽኑ ርካሽ ስለሆነ የእጄን ሥራ የሚገዛ ጠፋ።»

ባለሙያችን ከልቡ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። እኔም የሞኝ ነገር፣ ይኸው አንድ ሰው ተገኘ ብዬ ነበር። በማግስቱ የጻፈውን ሪፖርት አነበብኩት።

«በማሽን የተፈናቀለ ሸማኔ አልተገኘም። እንዲያውም ቀድሞ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ዱንጉዛ፣ ዛሬ ገበያ ሄዶ ለመመለስ በሚበቃ ጊዜ ያልቃል።»